ልጅ ጠሪዋ

እኔ በውሰት የሄድኩ ልጅ ነኝ። እንዳትስቁ። ወንፊት በውሰት ይሄዳል፣ ሙቀጫ በውሰት ይሄዳል፣ በሬ እንኳ ለእርሻ በውሰት ይሄዳል፤ እኔም እንደዚያው ይፋግ ካለው ከእናቴ ቤት ተነሥቼ ከወረታ በታች፣ ሜዳው ላይ ወዳለው ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። አምስት ዓመቴ ነበር፣ ወይ ስድስት። እናቴ ገላነሽ በላይ በላዩ የምትወልድ ሴት ነበረች፤ ታናሽ እህቷ አምሳል ግን ባል ካገባች ብዙ ክረምት አልፎ አንድም አልወለደች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብታለች፣ ጠበል ተጠምቃለች፣ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። በመጨረሻ የጎረቤቷ አሮጊት፣ እምዬ ታይቱ፣ አንድ ልጅ ከዘመድ አምጥታችሁ ቤቱ ውስጥ አሳድጉ፣ እሷ ሌላውን ትጠራዋለች አሉ። ተመካከሩና እኔ ተመረጥኩ። ለምን እኔ እንደሆንኩ አንድ ጊዜ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «ድምፅሽ ትልቅ ነው» አለችኝ።

የተሰጠሁት በሰው ፊት ነው። ቄስ ገብረማርያም መስቀል አሳለሙኝ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ እናቴ አደራ አለች። የአክስቴ ባል ይርዳው ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝና «ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጄ ናት» አለ። ከትከሻው ላይ ሆኜ ሜዳውን ሁሉ አየሁት። ሩዙ ገና አረንጓዴ ነው፣ ውኃው በመሃል በመሃሉ ያብለጨልጫል፣ ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰው ወደድኩት። አያ ይርዳው እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ጠሪዬ ይለኛል። ገበያ ውሎ ከረሜላ ሳይዝልኝ አይገባም ነበር። እኔ ላይ አንድም ቀን እጁን አላነሣም፣ ይህን የትም ቆሜ እመሰክራለሁ።

አክስቴን እታለም ነበር የምላት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቋ ቶሎ የሚመጣ ቶሎም የሚጠፋ ሴት ነበረች። ሩዙን ስታርም ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስለምትውል ማታ ስታቅፈኝ እርጥብ ጭቃ ትሸተኛለች። ዛሬም ክረምት ሲገባ፣ ውኃው ሜዳውን ሲሸፍነውና ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሆዴ ይባባል። ባሌ ይህን ያውቃል፣ ያን ሰሞን ነገር አይፈልገኝም።

ሥራዬ መጥራት ነበር። ከብቶቹ ሲገቡ በሩ ላይ እቆምና ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ «ወንድሜ ና፣ እህቴ ነይ፣ ቤታችን ግቡ» እላለሁ። እምዬ ታይቱ ናቸው ያስተማሩኝ። የጥንት ልማድ ይሁን ራሳቸው የፈጠሩት እስካሁን አላውቅም፤ ከእኔ ሌላ ሲያደርገው ያየሁት ሰው የለም። ሰፈሩ ይስቅብኛል፣ እኔ ግን ከማረስ ያላነሰ ሥራ አድርጌ ያዝኩት። ያልመጡልኝ ሩቅ ስላሉ ነው ብዬ በየቀኑ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር።

እታለም አንዳንድ ቀን ፊቷ አብጦ ይታያል፤ አንዳንዴም ጎኗን ይዛ ነው የምትነሣው። ምን ሆነሽ ስላት «ላሟ ረገጠችኝ» ትለኛለች። ቡሬ የምትባል ላም ነበረችን፣ ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላም፣ ዝንብ እንኳ እሽ የማትል የዋህ። እኔ ግን አመንኩ። ወተቷን አልጠጣም ብዬ ሰው አስቸገርኩ። ታስራ ሳገኛት በጭራሮ እገርፋታለሁ፣ ክፉ ብዬ እሰድባታለሁ። ያቺ ምስኪን በማታውቀው ነገር ስንት ዱላ ቀመሰች።

ልጅ ግን ያያል። ቡሬ የምትራገጠው ብዙውን ጊዜ እሑድ እንደሆነ አየሁ። እሑድም ሁሉ አይደለም፣ እታለም ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ የቀረችበት እሑድ ነው። እንደዚያ ባለው ቀን እኔን ከእምዬ ታይቱ ጋር ትልከኝና እሷ ከቅጥሩ ውጭ ሾላው ሥር ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ። እኔም አሰብኩና ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ያልገባ ሰው ላም ይረግጠዋል፣ እግዜር ነው ላሟን የሚያዝዛት።

ሾላው ሥር መቀመጥ ምን እንደሆነ ዛሬ ለእኔም ለማንም ሴት መንገር አያስፈልግም። በወር አበባችን ቅጥሩን አናልፍም፣ በቃ። ሌላዋ ሴት እዚያ ተቀምጣ ከጎረቤቷ ጋር ወሬዋን ትጠርቃለች፣ ማንም ልብ አይላትም። እታለም ስትቀመጥ ግን አሁንም አልያዘም ብሎ ላገሩ መናገር ነው። ይርዳው ከወንዶቹ መሃል ቆሞ በሩን ያያል። ከቅዳሴ ሲወጣ አንዱ ትከሻውን መታ አድርጎ «አይዞህ» ይለዋል፤ ያ አይዞህ እቤት ደርሶ እሷ ላይ ያርፋል።

አንድ እሑድ፣ መስከረም ላይ ይመስለኛል፣ ደወሉ ሲደወል እታለም ወደ ሾላው ስትታጠፍ ቀሚሷን ያዝኳት። «እታለም፣ ዛሬ እንግባ። ከገባሽ እኮ ቡሬ አትረግጥሽም» አልኳት።

ቆመች። ለረጅም ጊዜ ቁልቁል አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጄን ያዘች፣ ወደ በሩ ሄድን። እጇ በረዶ ነበር። ደፉ ላይ ስትደርስ አማተበችና ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ አለች፤ እኔ ጸሎት መሰለኝ። አብሬያት አልኩ።

ይርዳው ሲያያት አየሁት። አፉ ትንሽ ተከፈተ። ያን ቀን ቡሬ አልረገጠችም። በወሩም ገባን፣ በሚቀጥለውም ገባን፣ እኔ ጉድ አልኩ፣ መድኃኒቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እሷ ለማንም ፀነስኩ አላለችም። ሾላው ሥር ያለመቀመጧ ብቻ በቃ፤ ሰፈሩ ራሱ ቆጥሮ ራሱ ደረሰበት፣ እምዬ ታይቱ እልል አሉ፣ እኔንም አገላብጠው ሳሙኝ። ጠራች፣ ጠራች ተባለ። እኔ ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርኩ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከእኔ ጋር ለመጫወት ማስፈቀድ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ይርዳው ውኃ ቀዳ። ወንድ ልጅ እንስራ ተሸክሞ! ሰው ሲስቅበት እሱም ይስቃል። ምን አማረሽ ይላታል። ምንም አላማረኝም ብትለው እሺ አይልም፣ በኋላ ዓሣ አለችውና ጣና ድረስ ወርዶ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይዞላት መጣ። ሩዙ ፍሬ ሲይዝ ወፍ የምንጠብቅበትን ማማ ከባሕር ዛፍ ሠራልን፣ እሷን ፀሐይ እንዳይመታት ብሎ ጣራ አለበሰው። እዚያ ላይ ሦስታችን ሆነን እንውላለን። እሱ ወንጭፍ ያስተምረኛል፣ እሷ ታንጎራጉራለች፣ ሜዳው እስከ ጣና ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ወንድሜ መቼ ነው የሚመጣው ስላት ሩዙ ይታጨድ ትለኛለች። ወንድ ከሆነ ዳኘው፣ ሴት ከሆነች ውዳሴ ተባብለናል። እኔ አሁን ልጆች አሉኝ፣ ቤት አለኝ፣ የልብስ ስፌት ሥራዬም ጥሩ ነው፣ ክፉ ባልም አልጣለብኝም። ግን ደስታ ሲባል ፊቴ ላይ የሚመጣው ያ ማማ ነው። ውሸት መሆኑን ካወቅሁ በኋላም እሱው ነው የሚመጣው። ምን ላድርግ?

አጨዳው ሲቃረብ አንድ ቀን ይርዳው የተጠበሰ በቆሎ ይዞልን ማማው ላይ ወጣ። ለእኔ ሰጠኝ፣ ለእሷ ፈልፍሎ በእፍኟ አደረገላት። ከዚያ እጁን ሆዷ ላይ አሳረፈ። እሷ በቆሎውን እንደያዘች ቀረች።

«የለም፣ ይርዳው» አለችው። «አልነበረም። ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ፣ ሁለታችንም እንታይ።»

እኔ ስለ ወፎቹ የሚያወሩ መሰለኝ። ያን ቀን እውነትም ወፍ አልነበረም። ይርዳው እጁን አነሣና ሜዳውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ መጀመሪያ እኔን ቀስ አድርጎ አወረደኝ፣ ቀጥሎ እጇን ይዞ እሷን አወረደ፣ ከፊት ከፊታችን ሄደ። ፊቱን ሳላይ እየዘለልኩ ተከተልኩት።

ቤት ስንደርስ ከብቶቹ እየገቡ ነው። እኔን ደጅ ተወኝና እሷን አስገብቶ በሩን ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ የእታለም ድምፅ መጣ። እኔ ወዲያው ቡሬን ፈለግሁ። ቡሬ አጠገቤ ነበረች። ግንዱ ላይ ታስራ ቆማ ታመሰኳለች፣ አፏ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እኔን ታየኛለች። ቤት ውስጥ ግን እታለም እየተረገጠች ነው።

ምን ይደረጋል? እኔ የማውቀው ሥራ አንድ ነው። በሩ ላይ ቆምኩና ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ ጠራሁ። ወንድሜ ና አልኩ፣ እህቴ ነይ አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፤ ወንድሜ ከመጣ የይርዳውን እጅ ይይዛል ብዬ። ወንድሜ አልመጣም። እምዬ ታይቱ መጡ፣ ከኋላቸው ጎረቤታችን አያ ባየህ ከነልጆቹ ሮጦ መጣ፣ በሩን ገነጠሉት። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ጠርቼ ሰሚ ያጣሁ መስሎኝ ኖሬአለሁ። አሁን ሳስበው፣ ዱላ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም፤ ብዙ እሑድ ሰምተው የባልና ሚስት ነገር ነው ብለው ተቀምጠዋል። ያን ቀን ያስነሣቸው ሕፃን ከወትሮው ውጭ እንደዚያ ሲጮህ መስማታቸው ነው።

ክንዷ ተሰብሯል። ወጌሻ አሰረላት። በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ እናቴም ከይፋግ መጣች። ደስ አለኝ፤ ትልልቅ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይርዳውን ሊቆጣልኝ ነው ብዬ። ግን የተቆጡት እሷን ነው። ባሏን አታልላለች፣ ከዚያም የባሰ፣ እንደዚያ ሆና ቤተ ክርስቲያን ገብታለች። ቄስ ገብረማርያም አንገታቸውን ደፍተው ቀኖናዋን እሰጣታለሁ አሉ፣ ስለ ክንዷ ግን እሳቸውም ሌላውም አልጠየቀም። ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ ተባለ። በጤነኛው እጇ ድንጋዩን ትከሻዋ ላይ ይዛ እግሩ ላይ ጎንበስ አለች። ይርዳው ይቅር ብያለሁ አለ። ብትፈልግ ትኑር፣ ባትፈልግ ትሂድ፤ ልጄን ግን አትነካትም አለ። በሽማግሌ ፊት ተሰጥታኛለች፣ ልጄ ናት አለና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። እኔም፣ ከረሜላ የለመደ እግር ነውና፣ ወደ እሱ ትንሽ ራመድ ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ እታለም ቀና አለች።

«ይቺ ልጅ ገፊ ናት» አለች። «እግሯ ቤቴ ከገባ ጀምሮ ማሕፀኔ ተዘጋ። ጠሪ ብላችሁ ያመጣችሁብኝ ገፊ ነው። እሷ ባለችበት ቤት ዘር አይበቅልም፣ ሌላ ሚስት ቢያመጣም ያው ነው። ገላነሽ፣ ልጅሽን ከፊቴ አንሺልኝ።»

ሮጬ ቀሚሷን ያዝኩ። እታለም፣ እጮሃለሁ፣ ነገ በደንብ እጠራለሁ አልኳት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀችና ገፋችኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይርዳው እጁን ሰበሰበ። እንደ እባብ አየኝና «ውሰዷት» አለ። እናቴ አዝላኝ ወጣች።

ገፊ ማለት ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ ተወልዳ ወይ መጥታ ሌላውን ከኋላዋ የምታባርር፣ የምታስሞት ልጅ ናት። ይህን ስም ይዤ ነው ያደግሁት። እናቴ ሲጠራብኝ ከሰማች ትጣላለች፤ እኔ ግን ለራሴ እጠራዋለሁ። ትንሹ ወንድሜ በታመመ ጊዜ ከቤት ወጥቼ ጓሮ ተቀመጥኩ፣ እንዳልገፋው። የመጀመሪያ ፅንሴ ሲወርድ ሐኪሙ ብዙ ነገር አስረዳኝ፤ እሺ እሺ አልኩት፣ ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበርና። ከሁሉ የባሰው ግን እሱ አልነበረም። እንደዚያ ብላኝም ትናፍቀኝ ነበር። የይፋግ ገበያ ሲቆም ረጅም ሴት ባየሁ ቁጥር ዞሬ አያለሁ። እኔ በሄድኩ በሳምንቱ ከይርዳው ቤት ወጥታ መተማ ገባች ተባለ፣ ከዚያ ወሬዋ ጠፋ። እናቴ ስሟን አታነሣም፣ እኔም አልጠይቅ። ይርዳው ከእሷ በኋላ ሁለት ሚስት አገባ። ሁለቱም አልወለዱለትም። ይህንንም ሰፈሩ የሴቶቹ ዕድል ነው ይላል።

አምና ለፋሲካ ወረታ ሩዝ ላስፈትግ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። አንዱ ሰልፍ ጥሶ ከፊቴ ሲገባ ጮህኩበት። ያው ድምፄ። ከወዲያ በኩል ገለባ ውስጥ ተቀምጠው ሩዝ የሚያበጥሩ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ሰፌዷን ይዛ ቀና አለች። ፊቷ በአቧራ ነጭ ሆኗል፣ ግራ ክንዷ ከክርኑ አይዘረጋም።

«ሰገን?» አለች።

ሩዜን እዚያው ጥዬ ወደ እሷ ሄድኩ። ወደ ተከራየችው ቤት ወሰደችኝ፣ አንድ ክፍል ነው። ተመልሳ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቴ ስታውቅ ኖራለች። ያኔ እታለም ለሕፃኗ ከነገርሽ የይርዳው ዘመዶች ጆሮ ይደርሳል ብላ እናቴን አስምላት ነበር፤ በኋላ ደግሞ እኔ ስላልጠየቅሁ የረሳሁት መሰላቸው። ውኃ ሰጠችኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፣ ስም በስም። ማማው ላይ ለምን ነገርሽው አልኳት፤ ከዚያ መጀመር ቀለለኝ። ያን ያህል ጊዜ ደግ ሲሆን አይታ ደግነቱ ለእሷ መስሏት ነው። እሷም ራሷ አንዳንድ ቀን ሆዷን እየዳበሰች አለ እንዴ ትል ነበር።

ከዚያ ለምን ገፊ እንዳለችኝ ጠየቅኋት። እሷ ወለሉን እያየች መለሰች።

«እሄዳለሁ ባልኩት ቁጥር ሂጂ፣ ልጄን ግን ትተሽ ይለኝ ነበር። አንቺን እሱ ዘንድ ትቼ የት እሄዳለሁ? ነገ ስታድጊና እንቢ ስትይውስ? ልጅ የቸገረው ሰው የሚፈራው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ ገፊ። ሌላ ምን ብዬ ላስጥልሽ?»

እሷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንቺ ግን አላመንሽኝም አይደል?»

ልዋሻት ፈለግሁ። «አምኜሽ ነበር» አልኳት።

አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እሱም ያመነው» አለች፣ «አንቺ ስታለቅሺ አይቶ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያልነውን አላስታውስም። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ የጎረቤት ሴት ማን ሞተ ብላ ብቅ አለች። ባሌ ጋ ደውዬ ልጆቹን እራት አብላቸው፣ ዛሬ አልመጣም አልኩት። የት ነሽ አለኝ። እናቴ ዘንድ አልኩት። አልጋዋ ጠባብ ነው፣ ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃ። ወደ ግድግዳው ተጠጋችልኝ።